ወዝ እንዴት ይሠራል?

ከሞጆ ወደ ሐዋሳ በሚወስደው መንገድ፣ ባቱ (ዝዋይ) አጠገብ፣ ገደሞታ የሚባል ሸንተረር አለ። ከ270 ሺህ ዓመት በፊት በዚያ የኖሩ ሰዎች እሳተ ገሞራ ከተፋው ጥቁር ድንጋይ፣ ከኦብሲዲያን፣ ስለታም መሣሪያ ይጠርቡ ነበር። ይህ ድንጋይ ሲሰበር አዲሱ ገጹ ፊት ያሳያል፤ ዘመን የፋቀው ጎኑ ግን ደብዛዛ ነው። ጥቁረቱ ያው ነው፤ የተለየው የገጹ ልስላሴ ብቻ ነው። ለቪዲዮ ጌም ገጸ ባሕርይ የሚያብረቀርቅ ሜካፕ የሚሠራ ሰው ከዚህ ይነሣል፦ ወዝ ራሱን የቻለ ነገር እንጂ የቀለም ዓይነት አይደለም።

የጌም ገጸ ባሕርይ ፊት ከጥቃቅን ሦስት ማዕዘኖች የተገጣጠመ ቅርጽ ነው። ቅርጹ እንደ ቆዳ ተገፎ ጠፍጣፋ ሥዕል ላይ ይዘረጋል፤ ይህ ዩቪ ይባላል። በዚያ ላይ የተሣለው ምስል፣ ማለትም ቴክስቸሩ፣ ተመልሶ ፊቱን ያለብሳል። ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1974 በዩታ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፉ ያስተዋወቀው ኤድ ካትመል ነው። ሜካፕ እንግዲህ ከንፈሩና የዓይን ቆቡ ብቻ የተቀቡበት፣ ሌላው ግልጽ የሆነ ተጨማሪ ሥዕል ነው።

ጀማሪ ከንፈር እንዲያብረቀርቅለት ሲፈልግ ከታችኛው ከንፈር መሐል ነጭ መስመር ይሥላል። ለፎቶ ይህ ይበቃል። በጌም ውስጥ ግን ገጸ ባሕርይዋ ፊቷን ስታዞር ነጩ መስመር እንደ ተለጠፈ ይቀራል፤ ጨለማ ቤት ስትገባም አይጠፋም። ነጸብራቅ የሚያርፍበትን ቦታ የሚወስኑት መብራቱ፣ የገጹ አቅጣጫና የተመልካቹ ዓይን ናቸውና። የቬትናም ተወላጁ ቡይ ቱዎንግ ፎንግ ይህን እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመው ቀመር አስልቶታል፤ ዛሬ ጌሙ ራሱ በየቅጽበቱ ያሰላዋል። የሠዓሊው ድርሻ የትኛው ቦታ ለስላሳ፣ የትኛው ሻካራ እንደሆነ መንገር ነው።

ስለዚህ ሁለት ሥዕል ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ቀለሙ ነው። እንደ ጂምፕ፣ ክሪታ ወይም ፎቶሾፕ ባለ የሥዕል ሶፍትዌር አዲስ ሌየር (ንጣፍ) ተከፍቶ ከንፈሩ በለስላሳ ብሩሽ ይቀባል፤ ሌየሩ «መልቲፕላይ» ላይ ሲደረግ የከንፈሩ መስመሮች ከሥር ይታያሉ። ሁለተኛው ጥቁርና ነጭ የሆነው የሻካራነት ሥዕል ነው፤ ጥቁር ማለት ለስላሳ፣ ነጭ ማለት ሻካራ ነው። ከንፈሩን ወጥ ጥቁር ማድረግ ፕላስቲክ ያስመስለዋል። መሐሉ ይጠቁር፣ ዳሩ ቀስ እያለ ወደ ቆዳው ግራጫ ይቀላቀል፣ ስንጥቆቹም ትንሽ ይንጡ። አንሪል በተባለው የጌም መሥሪያ ሶፍትዌር ይህ እንዳለ ይሠራል፤ ሌላው መሥሪያ ዩኒቲ ግን ልስላሴን ስለሚለካ ሥዕሉ ይገለበጣል።

ገደሞታ ያለበት የስምጥ ሸለቆ የቁንጅና ልማድ ለዚህ ጥሩ ትምህርት ቤት ነው። እንሶስላ ቀለሙን ቆዳ ውስጥ ያሰርጋል፤ የገጹን ልስላሴ ስለማይነካ ቀለም ሥዕሉ ላይ ብቻ ይሠራል። ኩልም ጥቁረት ይጨምራል እንጂ ወዝ ብዙም አይጨምርም። በመተሐራ አካባቢ የከረዩ ወጣቶች ጉንፉራ የሚባለውን ጎፈሬ ጠጉራቸውን የሚቀቡት ቅቤ ተቃራኒው ነው፤ የጠጉሩን ቀለም ብዙም ሳይለውጥ ወዝ ይሰጠዋል፤ እሱ የሻካራነት ሥዕል ሥራ ነው። የአዳማ ሙሽራ የምትቀባው የከንፈር ግሎስ ሁለቱንም ይጠይቃል።

የቆዳ ቀለምም ሒሳቡን ይለውጠዋል። ቅባት የነካው ገጽ ፊት ለፊት ከሚያርፍበት ብርሃን 4 በመቶ ያህሉን ወዲያው ይመልሳል፤ ይህ በጠይምም በቀይም ፊት ላይ አንድ ነው። የቀረው ብርሃን ቆዳው ውስጥ ይገባል። ከቀይ ፊት ብዙው ተበትኖ ስለሚመለስ ነጸብራቁን ያደበዝዘዋል፤ በጠይም ፊት ሜላኒን ስለሚውጠው ነጸብራቁ ጎልቶ ይወጣል። ለቀይ ፊት የተለካ ወዝ በጠይም ፊት ላይ ላብ ሊመስል ይችላል፤ ፈዛዛ ሮዝ ቀለምም አመድ ይመስላል። «ዘ ሲምስ 4» የተባለው ጌም እ.ኤ.አ. በ2014 ወጥቶ ከ100 በላይ ተጨማሪ የቆዳ ቀለሞችን ያገኘው በታኅሣሥ 2020 ነው፤ ተጫዋቾች የጠይም ቆዳ አማራጮቹ አመዳም ናቸው ሲሉ ከቆዩ በኋላ።

ሥራው ውድ ዕቃ አይጠይቅም። ጂምፕ፣ ክሪታና የፊቱ ቅርጽ የሚሠራበት ብሌንደር በነጻ ይገኛሉ። አዲስ አበባ የሚገኘው ቅኔ ጌምስ እንደሠራው «ኩኩሉ» ላለ የስልክ ጌም ግን ማኅደረ ትውስታ መቆጠብ ግድ ነው፤ የሻካራነት ሥዕሉ አንድ የቀለም ቻናል ብቻ ስለሚፈልግ ከሌሎች ሁለት ሥዕሎች ጋር በአንድ ፋይል ይታሸጋል። ከዚያ በፊት ሜካፑ ቢያንስ በሦስት የቆዳ ቀለሞች ላይ፣ በቀትር ፀሐይ፣ በጥላና በአምፖል ብርሃን ይፈተን፤ በአንዱ ብቻ የሚያምር ከሆነ ወዙ የተሣለ እንጂ የተሠራ አይደለም።