ለደስታ ማንበብ፦ የአንደኛ ደረጃ ሕፃናትና የተረት ድርሻ

እንደሚታወቀው ማንበብ መቻልና ማንበብ መውደድ አንድ አይደሉም። ት/ቤቶቻችን የሚደክሙት ለመጀመሪያው ነው፤ ሁለተኛው በራሱ ጊዜ እንደሚመጣ ይታሰባል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማሳየት የምሞክረው፣ ሁለተኛው ከሌለ የመጀመሪያውም እንደማይጸና፣ ለዚህም አንዱ መፍትሔ ከወለጋ ታሪክ ጋር የተያያዘ መሆኑን ነው።

በቅድሚያ ችግሩን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ2010 በስድስት የአገራችን ቋንቋዎች በተካሄደው የንባብ ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። 48 በመቶው ደግሞ ስለ ምንባቡ ከቀረቡት ጥያቄዎች አንዱንም አልመለሱም። የመጻሕፍት እጥረትና የክፍል መጣበብ ምክንያት መሆናቸው አያጠያይቅም። እኔ የማተኩረው ግን ንባቡ በሚቀርብበት መንገድ ላይ ነው።

በምሥራቅ ወለጋ፣ በኑኑ ቁምባ ወረዳ፣ ዕጩ መምህራንን ለመከታተል በገባሁባቸው ክፍሎች አንድ ልማድ አስተውያለሁ። በአፋን ኦሮሞም ሆነ በአማርኛ ክፍለ ጊዜ፣ ታሪኩ ተነቦ እንዳበቃ «ዋናው መልእክት ምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ ይከተላል። ሕፃኑ በጦጣዋ ብልጠት ስቆ ሳይጠግብ መልስ ፍለጋ ይገባል። ይኸው ሕፃን ማታ ከእሳት ዳር ዱርዱሪ ሲሰማና ሂቦ ሲጠያየቅ ግን ተኛ ቢሉት እሺ አይልም። ስለዚህ የጎደለው የታሪክ ፍቅር አይደለም፤ ፍቅሩን ከመጽሐፍ ጋር የሚያገናኘው ድልድይ ነው።

ይህን ድልድይ ቀድመው የሠሩት ከባርነት ነፃ የወጡት ኦነሲሞስ ነሲብና አስቴር ገኖ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1894 በምፅዋ አጠገብ በምትገኘው ምንኩሉ ያሳተሙት «ጀልቀበ በርሲሳ»፣ በግዕዝ ፊደል የተጻፈ የአፋን ኦሮሞ የንባብ መማሪያ ነበር። አስቴር በቃሏ ታስታውሳቸው ከነበሩት ተረቶች፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮች፣ እንቆቅልሾችና ዘፈኖች ብዙዎቹን ይዟል። ኦነሲሞስ እ.ኤ.አ. በ1904 ወደ ወለጋ ተመልሰው በነቀምቴ ማስተማር ጀመሩ። እንዲህ ባለው መጽሐፍ ፊደል የሚቆጥር ልጅ አዲስ የሚሆንበት ምልክቱ ብቻ ነው፤ ነገሩን ጆሮው ያውቀዋል። የሚቀጥለውን ቃል መገመት፣ ግምቱ ሲሠምር መደሰት፣ ሲደሰትም መድገም ይችላል። የንባብ ቅልጥፍና የሚገኘውም ከዚሁ ድግግሞሽ ነው።

ከዚህ በመነሣት ሁለት ነገሮችን አሳስባለሁ። አንደኛ፣ መምህሩ በየቀኑ ለዐሥር ደቂቃ ያህል ጥያቄም ነጥብም የሌለበት ታሪክ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብ፤ ልጆችም የወደዱትን መርጠው ያንብቡ፣ ያልጣማቸውንም ይተዉ። ፈረንሳዊው ደራሲ ዳንኤል ፔናክ እ.ኤ.አ. በ1992 ከዘረዘራቸው ዐሥር የአንባቢ መብቶች አንዱ መጽሐፍን ሳይጨርሱ መተው ነው።

ሁለተኛው እኛን ይመለከታል። ተማሪዎቻችን ለመመረቂያ ጽሑፍ ብለው ከገጠር ሽማግሌዎች አፍ ተረት ይሰበስባሉ። ጽሑፉ ከተገመገመ በኋላ ተረቱ በአባሪነት መደርደሪያ ላይ ይቀራል፤ የባለተረቱ የልጅ ልጅ ግን የሚያነበው አጥቶ ይውላል። ከእያንዳንዱ ስብስብ ጥቂት ተረቶች ተመርጠው፣ በሕፃናት ቋንቋ ተስተካክለው፣ ለተገኙበት ወረዳ ት/ቤት ቢመለሱ ወጪው የወረቀትና የማባዣ ነው። በሕፃንነቱ ለደስታ ያላነበበ ልጅ አድጎ ወደ ክፍላችን ሲመጣ ልብ ወለዱን ትቶ ማጠቃለያውን እንደሚፈልግ በየዓመቱ እናያለንና፣ ሥራው የሌላ ሰው ብቻ ነው ማለት አንችልም።