በጣና ዳር የሚታይ የውሃ ውበትና የእጅ ሥራ

ሰው የአገሩን ነገር በመጽሐፍ ሲያነብ ይማራል፤ በእግሩ ሄዶ በዓይኑ ሲያይ ግን የተማረው ይጸናለታል። ከከተማ ጫጫታ ወጥቶ ዛፍና ውሃ መጎብኘት ለሰውነት ጤና፥ ለአእምሮም ዕረፍት መሆኑ የታወቀ ነው። ነገር ግን ጎብኚው የተፈጥሮን ውበት ብቻ አይቶ የተመለሰ እንደ ሆነ ግማሹን ትቶ መጣ ማለት ነው። በዚያ ውበት አጠገብ የሰው እጅ ምን እንደ ሠራ፥ ሥራውም ምን እንዳተረፈና ምን እንዳስከፈለ መመልከት ይገባዋል። ሁለቱን አንድ ላይ ለማየት ከባሕር ዳርና ከጣና ዳርቻ የሚመች ስፍራ በኢትዮጵያ ውስጥ ጥቂት ነው።

የጣና ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ የተንጣለለ ነው። ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ከኢትዮጵያ ሐይቆች ሁሉ ይበልጣል። ጥልቀቱ ግን ከስፋቱ ጋራ ሲነጻጸር ትንሽ ነው፤ እጅግ ጥልቅ በሆነበት ስፍራ እንኳ 15 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ከየወንዙ የሚገባው ደለል ቶሎ ይጎዳዋል። በውስጡ በሌላ ውሃ የማይገኙ የአሣ ዓይነቶች ይኖራሉ። ይህም ሁሉ ታስቦ በ2015 ዓመት (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንደዚሁ ናቸው) ሐይቁና ዙሪያው የዩኔስኮ የሕይወተ ምድር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዘገበ።

በባሕር ዳር ከተማ በዛፍ ጥላ ሥር የሐይቁን ዳር ተከትሎ የሚሄድ ሰው አስቀድሞ የሚያየው ጥበብ ታንኳ ነው። ከነገደ ወይጦ ወገን የሆኑ ሰዎች ከጥንት ጀምረው በዚህ ሥራ የታወቁ ናቸው። ደንገሉን ከውሃው ዳር ያጭዱታል፤ በፀሐይ ያደርቁታል፤ ነዶ ነዶውን አስረው አፍንጫውን ወደ ላይ ያቀኑታል። ሚስማርና እንጨት ሳይገባበት ሰውንና ጭነትን ይሸከማል። ውሃ እየጠጣ ሲከብድም በአዲስ ይተካል። እንግዲህ ደንገሉ የታንኳ ሠሪው ጎተራ ነው። የሐይቁ ዳር ታርሶ ደንገሉ በጠፋ ጊዜ ከሣሩ ጋራ ሙያውም ይጠፋል።

ከባሕር ዳር በጀልባ ወደ ዘጌ የተሻገረ ጎብኚ ደግሞ ሌላ ትምህርት ያገኛል። ከወደቡ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረትና ወደ አዝዋ ማርያም የሚወስደው የእግር መንገድ በቡና ደን ውስጥ ያልፋል። አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ሰባብረው ቢተክሉት ቡና፥ ጌሾና ሎሚ በቀለ ተብሎ ከጥንት ይተረካል። የዘጌ ሰው በገዳሙ ሥርዓት ተይዞ መሬቱን በበሬ ሳያርስና ከብት ሳያረባ ብዙ ዘመን ቆየ፤ ኑሮውንም በቡናና በጌሾ ንግድ አቆመ። በዙሪያው ያለው አገር ሲመነጠር የዘጌ ደን የቀረው ስለዚህ ነው። ደኑን የጠበቀው አጥር አይደለም፤ ሕዝቡ ያመነበትና የሚበላበት ሥርዓት ነው።

ከዚያ ተመልሶ ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ቢጓዙ ጢስ ዐባይ ይደረሳል። ወደ ፏፏቴው የሚሄደው መንገደኛ አስቀድሞ በጠባቡ የዐባይ ገደል ላይ በድንጋይና በኖራ የተሠራውን ድልድይ ይሻገራል። አገሬው የዐፄ ፋሲለደስ ነው ይለዋል፤ ታሪክ ጸሐፊዎች ግን በአባታቸው በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በ1626 እንደ ተሠራ ይናገራሉ። ድልድዩን አልፎ አቀበቱን የወጣ ሰው ከ40 ሜትር በላይ የሚወረወረውን ውሃ ፊት ለፊት ያያል። በክረምት መጨረሻ የሆነ እንደ ሆነ ጭጋጉ ልብሱን እስኪያርሰው ድረስ ይደርስበታል።

የዘመናዊው ሥራ ታሪክም ከዚሁ ውሃ ጋራ የተያያዘ ነው። ኢጣልያ ለጦርነት ካሣ በከፈለችው ገንዘብ የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ1961 ተቋቋመ። በ1963 በሶቪየት ኅብረት ርዳታ የፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤት ተከፈተ። በ1964 ደግሞ የጢስ ዐባይ የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ማመንጫ ሥራ ጀመረ፤ ኃይሉ 11 ሜጋ ዋት ገደማ ነበር። መንደር የነበረው ስፍራ በጥቂት ዓመት ውስጥ የሠራተኛና የተማሪ ከተማ ሆነ። ከዚያ በኋላ ዐባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በር ላይ የውሃ መቈጣጠሪያ ግድብ ተሠራ፤ በ2001 ሁለተኛው የጢስ ዐባይ ማመንጫ በ73 ሜጋ ዋት ተጨመረ። በ2010 ደግሞ የሐይቁ ውሃ ከምዕራብ ዳር በዋሻ ተጠልፎ በበለስ 460 ሜጋ ዋት የሚሰጥ ማመንጫ ሥራ ጀመረ።

ትርፉ ይህ ሲሆን ዋጋውም አልቀረም። ወደ መዘውሩ የሄደው ውሃ ከፏፏቴው የጎደለ ነው። በበጋ የሚመጣ እንግዳ ስሙን በሩቅ የሰማውን ታላቅ ውሃ በገደሉ ላይ እንደ ቀጭን ክር ሲወርድ አይቶ የሚመለስበት ጊዜ አለ። እንግዳን መርቶና አሻግሮ፥ ቡና አፍልቶም የሚያድረው የጢስ ዐባይ ነዋሪ በዚህ ይጎዳል። ስለዚህ መብራት ይቅር የሚል አስተዋይ ሰው አይገኝም፤ ለሕሙማን ቤትና ለትምህርት ቤት መብራት ያስፈልጋልና። ነገር ግን ውሃው ለፏፏቴው የሚለቀቅበት ቀን ታውቆ አስቀድሞ ለሕዝብ ቢነገር፥ እንግዳም ነዋሪም በቀጠሮ ይገናኛሉ። ይህ አዲስ ግንብ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም፤ በሹማምንቱ መካከል መነጋገርን ብቻ ይጠይቃል።

እንደዚሁም የአሮጌው ማመንጫና የፋብሪካው የመጀመሪያ መኪናዎች፥ የሠራተኞቹም ትዝታ፥ ከድልድዩና ከታንኳው ጋራ በአንድ የጉብኝት መንገድ ቢታዩ ወጣቱ አገሩ ከደንገል እስከ መብራት ያለፈችበትን በአንድ ቀን ይማራል። የድሮ መኪና ለብረት ሲሸጥ የሚገኘው ገንዘብ ጥቂት ነው፤ የሚጠፋው ትምህርት ግን ተመልሶ አይገዛም።

ሐይቁን ራሱን የሚያስፈራው ግን ከ2011 ጀምሮ በሰሜኑ ዳር የታየው እምቦጭ የተባለው አረም ነው። በውሃው ላይ ተንጣሎ የአሣ አጥማጁን መንገድ ይዘጋል። ብዙ ሰው እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቅሎታል፤ ያም ሆኖ አረሙ የሚበቅልበት ደለልና ማዳበሪያ ከእርሻው እየታጠበ እስከ ገባ ድረስ ነቀላው ብቻ አይበቃም። ዳሩን ከማረስ መከልከል፥ ተዳፋቱን በእርከንና በዛፍ መያዝ ያስፈልጋል።

በዚህም ነገር የቤተ ክህነት ሰዎች ቃል ታላቅ ዋጋ አለው። የዘጌን ደን ያቆየ ሥርዓት ለጣና ዳር ደንገልም ሊያገለግል ይችላል፤ ሕዝቡ የሚሰማው የሚያከብረው ሰው ሲናገረው ነውና። ሹሙ ሕጉን ቢያጸና፥ ካህኑ ምክንያቱን ቢያስተምር፥ ገበሬውም ለተወው መሬት ሌላ መተዳደሪያ ቢያገኝ፥ መንገዱ ሰላም ሆኖ የሚመጣው ጎብኚ አባቶቹ ያዩትን ውሃ ያያል። ይህ ባይሆን ግን ድልድዩ ይቀራል፤ ከሥሩ የሚያልፈው ውሃ ግን እያነሰ ይሄዳል።