ዕጣ የሚያወጣው ድንጋይ

የጥንት ግሪክ አንድ አገር አልነበረችም። በመቶ የሚቆጠሩ ከተሞች በየራሳቸው ሥርዓት ይተዳደሩ ነበር፤ አንዱን ጥቂት ባለጸጎች፣ ሌላውን ሥልጣን በጉልበት የነጠቀ ሰው ይገዛዋል። ስፓርታ ደግሞ ሁለት ነገሥታት በአንድ ጊዜ ታነግሥና በየዓመቱ የሚሾሙ 5 ተቆጣጣሪዎች ታቆምባቸው ነበር።

እኔን የሚያንገበግበኝ የአቴና ነገር ነው። «ዴሞክራሲ ማለት ምርጫ ነው፤ የጀመሩትም አቴናውያን ናቸው» የሚል ተናጋሪ አይጠፋም። እባካችሁ፣ ይህን ከመድገማችሁ በፊት ትንሽ አንብቡ። አቴናውያን 10 የጦር አዛዦቻቸውን በየዓመቱ ይመርጡ ነበር፤ ፔሪክሊስም ደጋግሞ የተመረጠው በዚህ ነው። አብዛኛውን ሹመት ግን የሚሰጡት በዕጣ ነበር። አርስቶትልም ዕጣን ከዴሞክራሲ፣ ምርጫን ከጥቂቶች አገዛዝ ጋር አያይዞ ጽፏል፤ ምርጫ ስምና ሀብት ላለው ያደላልና።

የዕጣው መሣሪያ ክሌሮቴሪዮን ይባላል። ስባሪው በአቴና የአጎራ ሙዚየም ይታያል፤ ጎብኚው ግን ሐውልት ፍለጋ አልፎት ይሄዳል። ቆም ብሎ ላየው ፊቱ ላይ ቀጫጭን ስንጥቆች በረድፍ የተፈለፈሉበት የእብነ በረድ ጠፍጣፋ ነው። ለዳኝነት የመጣው ሁሉ ስሙ የተጻፈበትን ትንሽ ሰሌዳ ያስረክባል፤ ሰሌዳዎቹ ስንጥቆቹ ውስጥ ይሰካሉ። ከጎን ባለው ቱቦ ጥቁርና ነጭ ጠጠሮች ተደባልቀው ይገባሉ፤ ከታች አንድ በአንድ ይለቀቃሉ። ነጭ ከወጣ የመጀመሪያው አግድም ረድፍ በሙሉ ለዳኝነት ይገባል፤ ጥቁር ከወጣ በሙሉ ይሰናበታል። ከዚያ ተራው የሁለተኛው ረድፍ ነው።

በዚህም አላበቃም። ዕጣ የወጣለት ሰው የሚዳኝበትን ችሎት ለማወቅ ሌላ ዕጣ ያነሣል፤ ከችሎቱ መግቢያ ቀለም ጋር የሚመሳሰል በትርም ይሰጠዋል። በአንድ ችሎት 201 ወይም 501 ዳኞች ይቀመጣሉ፤ እነማን እንደሆኑ ደግሞ የሚታወቀው በዚያው ጧት ነው። ጉቦ ይዞ የመጣ ባለጉዳይ የማንን በር ያንኳኳ?

ሴቶች፣ ባሮችና ከሌላ አገር የመጡ ነዋሪዎች ግን ሰሌዳ አልነበራቸውም፤ ይህ ሊሸፈን አይገባም።

የ500ዎቹ ምክር ቤት አባላትም በዕጣ ይገቡ ነበር፤ አንድ ሰው በዕድሜው ከሁለት ጊዜ በላይ አያገለግልም። ሶቅራጥስ እዚያ የገባው በዚሁ መንገድ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ406 ዓመት፣ የሕዝቡ ጉባኤ የተከሰሱ የጦር አዛዦችን በአንድ የድምፅ አሰጣጥ በጅምላ ልፍረድባቸው ሲል ከሰብሳቢዎቹ አንዱ እሱ ነበር። ሕጉ እያንዳንዱ ለብቻው ይዳኝ ይላልና፣ ሕዝቡ እየጮኸበት እንቢ አለ።