ከኤረር በር ቁልቁል፦ ሐረርና ዙሪያዋ ለእግረኛ

ሐረርን ሊጎበኝ የሚመጣ ሰው የሚያየው ነገር አስቀድሞ የተቆረጠ ይመስላል። ጠዋት በግንብ በታጠረችው አሮጌ ከተማ በጀጎል ውስጥ ይዞራል፤ የራምቦ ቤት የሚባለውንና የሸሪፍን ሙዚየም ያያል፤ ሲመሽ ጅብ ሥጋ ሲቀበል ፎቶ ያነሣል፤ በማግስቱ በድሬዳዋ በኩል ይመለሳል። ይህን ማየት ክፉ አይደለም። ሆኖም ሐረር ከግንቡ ውጭም ሰፊ አገር አላት፤ እሱን ደግሞ ከመኪና ወርደው ካልተራመዱበት አያዩትም። ይህ ዳሰሳ የሚነሣው ከኤረር በር ነው። ከአምስቱ ጥንታዊ በሮች ሁሉ ወደ ገጠሩ በቀጥታ የሚያወጣው እሱ ነው ብዬ ስለማምን ነው። (ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሐረሪዎች አርጎብ በሪ ይሉታል። በግንቡ ምሥራቅ ሲሆን ፊቱን ወደ ኤረር ሸለቆ፣ ወደ አርጎባ መንደሮች፣ ከዚያም አልፎ ወደ ጅጅጋና ወደ ባሕሩ ዳርቻ አዙሯል። ከዘይላና ከበርበራ የሚመጣ ነጋዴ በዚህ አቅጣጫ ይገባ ነበር። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተንም የአረብ ነጋዴ መስሎ ከዘይላ ተነሥቶ፣ የኤረርን ሸለቆ አቋርጦ፣ ጃንዋሪ 3 ቀን 1855 በዚሁ በኩል ከተማዋ ገባ። አሥር ቀን ያህል በከተማዋ ገዢ በአሚር አሕመድ ግቢ ከእንግድነት ይልቅ ለእስር በቀረበ ሁኔታ ቆይቶ ወጣ፤ በዓመቱም መጽሐፉን አሳተመ። በርተን ለሰው ክብር የማይጨነቅ፣ ብዕሩ መርዝ ያለበት ጸሐፊ ነው። የመንገዱን፣ የእርሻውንና የቡናውን ነገር ግን በእግሩና በበቅሎው ስላየው በደንብ መዝግቦታል። ዛሬም ሸለቆውን የሚወርድ ሰው ያንን አቀበትና ቁልቁለት በጉልበቱ ያውቀዋል።

በሩ አጠገብ ገበያ አለ። ከሸለቆው የሚወጡ የኦሮሞ ገበሬዎች፣ በተለይ ሴቶቹ፣ ማገዶውን፣ አትክልቱን፣ ፍራፍሬውንና ጫቱን ይዘው ይመጣሉ። ለመራመድ ያሰበ ሰው ከዚህ የተሻለ መነሻ አያገኝም። በማለዳ ወደ ከተማው የሚፈሰውን ሰው አይቶ የትኛው የእግር መንገድ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ይችላል፤ ቀትር ላይ ደግሞ ባዶ ቅርጫትና ባዶ አህያ ይዘው ከሚመለሱት ጋር አብሮ መውረድ ነው።

ከመውረዱ በፊት ግን ግንቡን አንድ ጊዜ በውጭ መዞር ይገባል። የጀጎል ግንብ የሚነገረው በአሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ስም ነው። አሚሩ ከአሕመድ ኢብን ኢብራሂም (ግራኝ) ሞት በኋላ በ16ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገዝቶ፣ የኦሮሞን መስፋፋት ለመከላከል ከተማዋን አጠረ። ዙሪያው 3.3 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሳይቸኩሉ በሰዓት ተኩል ያልቃል። ግንቡን በቀኝ አድርጎ የተነሣ ሰው ከኤረር በር ወደ ሰንጋ በር፣ ከዚያ ወደ ቡዳ በር ይደርሳል። በምዕራብ በኩል የሚያገኘው ሐረር በር ግን ከጥንቶቹ አይደለም፤ በኋላ ዘመን ለተሽከርካሪ የተከፈተ ነው። ቀጥሎ ሸዋ በር፣ ፈላና በር፣ ከዚያም መነሻው። ግንቡ ሥር ዝቅ ብለው የተሠሩ ቀዳዳዎችን ልብ ይሏል፤ ሐረሪዎች ወራባ ኑዱል ይሏቸዋል፣ የጅብ ቀዳዳ። የዝናብ ውሃ ይወጣባቸዋል፤ ሌሊት ደግሞ ጅብ ገብቶ የከተማዋን ጥራጊ ይበላል። ከተማ ራሷን አጥራ ለአውሬ መግቢያ ስትተው በሌላ ቦታ አላጋጠመኝም። ማታ ለቱሪስት የሚታየው የማብላት ትርኢት ከዚህ ልማድ ጋር ሲነጻጸር የቅርብ ጊዜ ነገር ነው።

የጀጎል ውስጥ ብዙ ስለተጻፈለት አላረዝምበትም። ዩኔስኮ በ2006 በዓለም ቅርስነት ሲመዘግባት 82 መስጊዶችና 102 የወልዮች መካናት (የቅዱሳን መዘከሪያ ቦታዎች) እንዳሏት አስፍሯል፤ ከመስጊዶቹ ሦስቱንም 10ኛው ክፍለ ዘመን ያደርሳቸዋል። በቁፋሮ እስካሁን የወጣው ማስረጃ ግን የከተማዋን መስፋፋት የሚያሳየው ወደ 15ኛውና 16ኛው ክፍለ ዘመን ቀረብ አድርጎ ነው። የአዳል ሱልጣኔት መናገሻውን ወደ ሐረር ያዞረውም በ1520 ነው። እንዲህ ያለ ክርክር ባለበት ከተማ አስጎብኚ የሚናገረውን ሁሉ ሳይጠይቁ መዋጥ አይበጅም። መኪና ግርግር የሚባለውን የሰፊዎች መንገድ፣ የአሚር ኑርን መካን፣ በነደባ (በደረጃ በተሠራ መቀመጫ) የተደረደረ አንድ የሐረሪ ቤት፣ ፈረስ መጋላ ላይ ያለውን መድኃኔ ዓለም ያየ ሰው ጥሩ አድርጎ አይቷል። ቤተ ክርስቲያኑ የቆመው ምኒልክ በጥር 1887 ጨለንቆ ላይ አሚር አብዱላሂን ድል አድርገው ከተማዋን ለራስ መኮንን ከሰጡ በኋላ ነው። ገጣሚው ራምቦም ያኔ ነጋዴ ነበር። ከ1880 መጨረሻ ጀምሮ እየሄደ እየተመለሰ በሐረር ኖሯል፤ በስሙ የሚጎበኘው ቤት ግን እሱ የኖረበት ሳይሆን የሕንድ ነጋዴ ያሠራው ነው።

አሁን ወደ ተራራው። ከከተማዋ በስተ ደቡብ የሚታየው ሐኪም ጋራ ነው፤ ስሙ ከአው ሐኪም መካን የመጣ ነው። አቀበቱ ለጤነኛ ሰው ከባድ አይደለም፤ ሐረር ራሷ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር ስለምትጠጋ ግን ከቆላ የመጣ ሰው ትንፋሹ ይቆራረጥበታል። ከላይ ሲያዩ ጀጎል እንዳለ በአንድ እይታ ትገባለች፤ በምሥራቅ የኤረር ሸለቆ እየደበዘዘ ይወርዳል። በየዓመቱ በእስልምናው የአሹራ በዓል ሌሊት እዚህ ለጅብ ገንፎ በቅቤ ይቀርባል። ጅቦቹ ከግማሽ በላይ በልተው ጥቂት ካስቀሩ ዓመቱ ይሰምራል፣ ጨርሰው ከበሉ ወይም ጭራሽ ካልነኩት ግን ያሰጋል ይባላል።

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። የሐረር ሰው ገጠሩን በእግር መዞር ከቱሪስት አልተማረም። ሐረሪዎች ከተማቸውን የወልዮች ከተማ ይሏታል፤ መካናቱ ግን በግንቡ ውስጥ ብቻ አይደሉም። እንደ አው ሐኪምና አው ሶፊ ያሉት ከከተማ ውጭ፣ ኮረብታ ላይ ወይም ትልቅ ዛፍ ሥር ናቸው። ለዚያራ (መካናቱን ለመሳለም) የሚሄደው ሰው መንገዱን ለዘመናት ረግጦ አቆይቶታል፤ በመካኑ ዙሪያ ያለውንም ዛፍ እንዳይቆረጥ ጠብቆታል። በክርስቲያኑም በኩል እንዲሁ ነው። ራስ መኮንን ከዐድዋ ድል በኋላ ወዳሠሩት ቁልቢ ገብርኤል በታኅሣሥ 19 እና በሐምሌ 19 ከሩቅ አገር በእግሩ ስለቱን ይዞ የሚመጣው ስንት ነው! በዚህ አገር እግረኛው ምእመንና ገበያተኛ ነው፤ ጎብኚው የመጣው ዘግይቶ ነው። አዲስ መንገድ መቅደድ አያስፈልገውም፣ ያለውን ጠይቆ መከተል ይበቃዋል።

ወደ ሸለቆው የሚወርደው መንገድ በእርከን፣ በማሽላ ማሳና በጫት መካከል ያልፋል። የሐረር ቡና በዓለም ገበያ ስሙ ትልቅ ነው፤ ዛሬ ግን በዓይን የሚበዛው ጫቱ ነው፤ ገበሬው ቶሎ ብር የሚያመጣለትን መርጧል፣ ልወቅሰው አልችልም። ከሐረር ወደ ባቢሌ በሚወስደው መንገድ አካባቢ፣ ሸለቆውን ቁልቁል በሚያይ ከፍታ ላይ ቆረሚ የተባለው የአርጎባ መንደር አለ። ቤቶቹ በድንጋይ ተደራርበው ከገደሉ ጋር የተጣበቁ ናቸው። የሐረርን ቤት አሠራር ያየ ሰው እዚህ ዝምድናውን ያገኛል። በእኔ ግምት ጊዜ ላጠረው መንገደኛ ከከተማ ውጭ አንድ ቦታ ብቻ ይመረጥ ቢባል ቆረሚ ነው።

የኤረር ወንዝ ከዚያ ወርዶ ወደ ዋቢ ሸበሌ ሲያቀና በባቢሌ የዝሆን መጠለያ ያልፋል። መጠለያው በ1970 የተቋቋመ ሲሆን 6,982 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች ላይ ተዘርግቷል። ሰፈራው፣ የማገዶ ቆረጣውና አደኑ ዝሆኑን አጣብበውታል። እዚህ ያለ ስካውት (የመጠለያው ጠባቂ) መግባት የለም፤ ዝሆን አያለሁ ብሎ የሄደም ብዙ ጊዜ ኮቴና ፋንድያ አይቶ ይመለሳል። ከባቢሌ ወደ ጅጅጋ ሲታለፍ ደግሞ የዳካታ ሸለቆ ይመጣል። ግዙፍ ድንጋይ በቀጭን ድንጋይ ላይ ቆሞ ይታያል፤ ነፋስና ውሃ በብዙ ዘመን የቀረጹት ነው። ከመኪና መስኮት የሚያዩት ብዙ ናቸው። ወርደው አንድ ሰዓት የሚዞሩት ጥቂት ናቸው፤ ባቢሌ ላይ ለውዝ ገዝቶ መዞሩ ግን ምንም አያስቸግርም።

ከሐረር በሰሜን ምሥራቅ የኮንዱዶ ተራራ አለ፤ 3,000 ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ አናቱ ሜዳ ሆኖ ሣር የለበሰ ነው። በዚያ ሜዳ ባለቤት የሌላቸው ፈረሶች ነበሩ፤ በ2008 ተመራማሪዎች ሲያገኟቸው በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። በዚያው አቅጣጫ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1892 የተወለዱባት ኤጀርሳ ጎሮ ትገኛለች። ኮንዱዶ የቀን ሙሉ መውጣት ስለሆነ ለጀማሪ አልመክረውም።

በድሬዳዋ በኩል ሃርላ የተባለ መንደር አለ። በኤክስተር ዩኒቨርሲቲ ቡድንና በኢትዮጵያ የቅርስ ባለሥልጣን ቁፋሮ በ2017 የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድ፣ የግብፅ ሳንቲምና ከቻይና የመጣ የሸክላ ስባሪ ወጥቶባታል። የመንደሩ ሰው ድንጋዩን ያነሡት ግዙፋን ሰዎች ናቸው ይል ነበር። ለሐረር የመጠጥ ውሃ የነበረው የሐሮማያ ሐይቅ ደግሞ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ደርቆ መሬቱ ታርሶ ነበር፤ በቅርብ ዓመታት ውሃው ተመልሷል። ዳርቻውን መዞር ወፍ ለሚወድ ሰው ጥሩ ነው።

እነዚህን ቦታዎች የሚያገናኘው የእግር መንገድ ግን ጥበቃ ይሻል፤ እንግሊዝ አገር እንዲህ ያለ መንገድ እንዴት እንደሚያዝ ማየቱ ይጠቅማል። በ1949 የወጣው ሕግ የየአውራጃው ምክር ቤት ሕዝብ የሚሄድባቸውን የእግር መንገዶች በካርታ እንዲመዘግብ አዘዘ። አንዴ የተመዘገበ መንገድ በግል እርሻ መካከል ቢያልፍም ባለ እርሻው ሊዘጋው አይችልም። ያም በቸርነት አልመጣም፤ በ1932 ሠራተኞች ኪንደር ስካውት በተባለው ኮረብታ ላይ ያለ ፈቃድ በጅምላ ወጥተው አንዳንዶቹ ታስረዋል። በእኛም አገር በሰሜን ወሎ መቄት ላይ ከመንደር መንደር የሚወስድ፣ ገቢው ለነዋሪው የሚሆን የእግር ጉዞ ተሞክሮ ሠርቷል።

ሐረር ላይ የጎደለው ቅርስና ተፈጥሮ አይደለም፤ የሚያስተሳስር ባለቤት ነው። የሐረሪ ክልል ትንሽ ስለሆነ ከኤረር በር የወረደ ሰው ብዙም ሳይሄድ ምሥራቅ ሐረርጌ ይገባል፤ ትንሽ ቆይቶ ሶማሌ ክልል። አስጎብኚው የሐረር ነው፣ መንደሩ የኦሮሚያ ነው፣ መጠለያው በፌዴራል መሥሪያ ቤት ሥር ነው፤ መንገዱን በወረቀት ላይ የሚያሰፍረው ግን ማንም አይደለም።

መሄድ ለምትፈልጉ፦ ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ይሻላል። የጸጥታውን ሁኔታ ከከተማው አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ከመንደሩ ሰው መሪ ያዙ፤ ኦሮምኛ የሚያውቅ ቢሆን ይመረጣል። በመካናት ጫማ አውልቁ፣ ሳታስፈቅዱ ፎቶ አታንሡ። ለየክልሎቹ የባህልና ቱሪዝም ቢሮዎች ደግሞ አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ከኤረር በር እስከ ቆረሚ ያለውን የእግር መንገድ፣ የዚያራና የገበያ መንገድ የሚያውቁ ሽማግሌዎች በሕይወት እያሉ አብራችሁ በካርታ አስፍሩት፤ ግንባታ ከዘጋው በኋላ ማስከፈት ከባድ ነው።