ከታላቅ ጋር መታገል፦ የብራዚል ጁጂትሱና ዕድሜ

የብራዚል ጁጂትሱ ቡጢና እርግጫ የሌለበት፣ አብዛኛው ክፍሉ መሬት ላይ የሚካሄድ ትግል ነው። በኢትዮጵያ ባህላዊ ትግል ጀርባው መሬት የነካ ሰው ተሸነፈ ይባላል፤ በጁጂትሱ ግን ዋናው ሥራ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። በጀርባው የተኛው ሰው ተጋጣሚውን በእግሮቹ ጠምጥሞ ይይዛል፣ ሚዛኑን ያስታል፣ ክንዱን ወይም አንገቱን ፈልጎ ይቆልፋል። የተያዘው መውጫ ሲያጣ በእጁ መታ መታ ያደርጋል፤ ያኔ ይለቀቃል። ምት ስለሌለውና ብዙው በተኙበት ስለሚሠራ፣ 50 እና 60 ዓመት ያለፋቸው ሰዎች ከልጆቻቸው እኩዮች ጋር በአንድ ምንጣፍ ላይ ይገናኙበታል።

ስፖርቱ ገና ከጅምሩ የጉልበተኞች ብቻ አልነበረም። ጃፓናዊው የጁዶ ሰው ሚትሱዮ ማኤዳ እ.ኤ.አ. በ1914 ብራዚል ገባ፤ ካርሎስ ግሬሲ የተባለ ወጣትም ከእሱ ተማረ። ቤተሰቡ እንደሚተርከው፣ ታናሽየው ወንድም ኤሊዮ ሰውነቱ ደካማ ስለነበር ጥበቡን ጉልበት ለሌለው ሰው እንዲስማማ አድርጎ አስተካከለው። ትረካው ማጋነን ሊኖርበት ይችላል። ኤሊዮ ግን እ.ኤ.አ. በ2009 በ95 ዓመቱ እስኪሞት ድረስ ከጁጂትሱ አልራቀም።

ዕድሜ በሰውነት ላይ የሚያመጣው ለውጥ የታወቀ ነው። ከ30 ዓመት በኋላ የጡንቻ መጠን በየ10 ዓመቱ ከ3 እስከ 8 በመቶ ይቀንሳል። የልብ ከፍተኛ ምትም ይወርዳል፤ በተለመደው ግምት ዕድሜን ከ220 በመቀነስ ሲሰላ፣ የ25 ዓመቱ ወጣት በደቂቃ 195 ሲደርስ የ55 ዓመቱ ጎልማሳ 165 ላይ ይቆማል። ጅማት ይደርቃል፣ የአንገትና የወገብ አከርካሪ መለጠጡ ይቀንሳል። ከሁሉ በላይ ግን የሚለየው ማገገሚያው ነው፤ ወጣቱ በማግስቱ የሚረሳው የትከሻ ሕመም ታላቁን ሰው ለሳምንታት ሊያስቀረው ይችላል።

ስለዚህ ወጣቱ የሚጠነቀቅባቸው ቦታዎች ውስን ናቸው። አንገትን አጥፎ መጫን፣ ከቆሙበት በድንገት ዘርጥጦ መጣል፣ ሙሉ ክብደትን በጎድን አጥንት ላይ ማሳረፍና ክንድን በችኮላ መቆለፍ ጉዳት ያስከትላሉ። መፍትሔው ትግሉን መተው ሳይሆን ፍጥነትን መቀነስ ነው። ቁልፉ ቀስ ብሎ ከተያዘ ተጋጣሚው መታ ለማድረግ ጊዜ ያገኛል፤ የያዘውም አያያዙ በትክክል የሠራው በስልት ይሁን በጉልበት ይለይለታል።

እዚህ ላይ የአገር ባህል ይገባል። በደሴና በኮምቦልቻ አካባቢ፣ እንደ ሌላውም የኢትዮጵያ ክፍል፣ ወጣት “ጋሼ” ብሎ የሚጠራውን ሰው አንገት በክንዱ ማነቅ ነውር ይመስለዋል። አክብሮቱ መልካም ነው፤ ትግሉን ወደ ማስመሰል ከለወጠው ግን ታላቁ ሰው ምንም ሳይማር ይሄዳል። ወጣቱ ሆን ብሎ እንደተሸነፈለት ሲገባው ደግሞ ክብሩ ይበልጥ ይነካል።

በሌላ በኩል ከልጁ እኩያ ፊት መታ ማድረግ የሚያሳፍረው ታላቅም አለ። ኤሊዮ ግሬሲ እ.ኤ.አ. በ1951 በማራካና ስታዲየም ከጃፓናዊው ማሳሂኮ ኪሙራ ጋር ሲገጥም ክንዱ ተቆልፎ እጅ አልሰጥም አለ፤ ፍልሚያው የቆመው ከጎኑ የነበሩት ሰዎች ሽንፈቱን ስለተቀበሉለት ነው። ያ የክንድ አያያዝ ዛሬም “ኪሙራ” ይባላል። ታሪኩ በጀግንነት ይወራል፤ ለልምምድ ግን መጥፎ ምሳሌ ነው። በልምምድ ቤት መታ ማድረግ ሽንፈት ተብሎ አይቆጠርም፣ የሚመዘግበውም የለም።

ከታላቅ ጋር የሚለማመድ ወጣት የሚያገኘው ትርፍ በብዛት አይነገርለትም። ጉልበት ስሕተትን ይሸፍናል፤ ቦታውን ያልያዘ ወጣት ተፈናጥሮ ይነሣል። ያ አቅም የሌለው ታላቅ ግን ተጋጣሚው ከመንቀሳቀሱ በፊት እጅጌውን ይይዛል፣ ክርኑን ከጎኑ አያርቅም፣ ትንፋሹን ቆጥቦ ይጠብቃል። ቡናማ ወይም ጥቁር ቀበቶ ያሰረ የ50 ዓመት ሰው ሳይቸኩል ወጣቱን ሲያደክመው መታየቱ በዚህ ስፖርት የተለመደ ነው። ጥቁር ቀበቶ ላይ ለመድረስ ብዙውን ጊዜ 10 ዓመት ያህል ስለሚፈጅም፣ የልምድ ባለቤቶቹ በአብዛኛው ወጣቶች አይደሉም።

ከፍታም ይታሰብበታል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያነሰ ነው። ከገራዶ ሜዳ ሽቅብ ወደ ከተማዋ በእግሩ የወጣ ሰው ልዩነቱን በትንፋሹ ያውቀዋል። ለአካባቢው አዲስ የሆነ ጎልማሳ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዙሮቹን ቢያሳጥር፣ በመካከላቸውም ዕረፍት ቢያበዛ ይሻለዋል። የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለበት ደግሞ ሐኪም ሳያማክር ወደ ምንጣፉ መውጣት የለበትም።

ዘግይቶ መጀመር እንደሚቻል የሚያሳየው አንዱ ሰው አሜሪካዊው የምግብ ባለሙያና ጸሐፊ አንቶኒ ቦርዴን ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. በታየው የቴሌቪዥን ዝግጅቱ ከትውልደ ኢትዮጵያዊው ማርከስ ሳሙኤልሰን ጋር ኢትዮጵያን የጎበኘው ቦርዴን ጁጂትሱን የጀመረው ከ55 ዓመቱ በኋላ ነበር፤ በ2016 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ውስጥ በዕድሜ እኩዮቹ ምድብ በሰማያዊ ቀበቶ ደረጃ ወርቅ አግኝቷል።

ዓለም አቀፉ የብራዚል ጁጂትሱ ፌዴሬሽን ይህን ምድብ “ማስተር” ይለዋል። 30 ዓመት ከሚሞላበት ዓመት ጀምሮ ይከፈታል፤ ቀጥሎ በ36፣ በ41፣ በ46፣ በ51፣ በ56 እና በ61 ዓመት እየተከፋፈለ ይሄዳል። በጥቁር ቀበቶ የአዋቂዎች ፍልሚያ 10 ደቂቃ ሲሆን፣ ለታላላቆቹ ወደ 6 ከዚያም ወደ 5 ደቂቃ ይወርዳል። በልምምድ ቤት ግን ዕድሜ የሚለይ ዳኛ የለም፤ ማን ከማን ጋር እንደሚገጥም የሚወስነው አሠልጣኙ ነው። ስለዚህ ዕድሜው ገፍቶ ለመጀመር ያሰበ ሰው ከመመዝገቡ በፊት አንድ ቀን ዳር ተቀምጦ አሠልጣኙ ሰዎችን እንዴት እንደሚያጣምር ይመልከት።