ለዕለት የሚበቃ በረከት
የ2012 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና የጉሊት ገበያ

የትንሣኤ በዓል በደረሰ ቁጥር፣ በምዕራብ አዲስ አበባ በኮልፌ ቀራንዮ በሚኖሩ ምእመናን ቤት የ2012 ዓ.ም. ሰሙነ ሕማማት ሳይነሣ አያልፍም። ስሙ ጌታችን የተሰቀለባትን ስፍራ የሚያስታውሰው ይህ ክፍለ ከተማ፣ በዚያ ዓመት ስቅለትንም ትንሣኤንም ያሳለፈው በር ዘግቶ ነበር።

የዚያ ዓመት ዐቢይ ጾም የካቲት 16 ቀን ተጀመረ። መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው የኮሮና ቫይረስ ሕመምተኛ በሀገራችን መገኘቱ ተነገረ፤ መጋቢት 30 ቀን ደግሞ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። ምእመናንም ጸሎቱን ከየቤታቸው እንዲከታተሉ ተጠየቁ። እንዲህም ሆኖ ሚያዝያ 11 ቀን ትንሣኤ ተከበረ።

ከቤተ መቅደስ ደጅ መራቅ የነፍስ ኀዘን ነበር። የሥጋው ጭንቀት ደግሞ በማዕድ ቤት ይታይ ነበር። ጿሚ ቤተሰብ ሽሮውን፣ ክኩንና ምስሩን አስቀድሞ ሊያዘጋጅ ይችላል፤ ጎመኑን፣ ቲማቲሙንና ቃሪያውን ግን ከገበያ ሳይወጣ ከወዴት ያገኛል? አቅም ያለው በማዳበሪያ እየሸመተ አከማቸ። ሽንኩርቱና ድንቹ ሲሰነብቱለት ጎመኑ ጠወለገ፣ ቲማቲሙም ፈረሰ። የዕለት ደመወዙን ይዞ ወደ ማታ የመጣው ሠራተኛ ግን መደቡን ባዶ አገኘው።

ይህን ያየ ክርስቲያን በኦሪት ዘጸአት የተጻፈውን የመና ታሪክ ያስባል። እስራኤል በምድረ በዳ ሳሉ እያንዳንዱ ለዕለቱ የሚበቃውን እንዲለቅም ታዘዘ፤ ትእዛዙን ተላልፎ ያሳደረው ግን ተልቶና ሸትቶ አገኘው። ለሰንበት ብቻ በዋዜማው እጥፍ እንዲለቀም ተፈቅዶ ነበር፤ ያም ሳይበላሽ አደረ። እንግዲያስ ለነገ በልክ ማሰብ ነቀፌታ የለበትም፤ የሚነቀፈው የባልንጀራን ድርሻ በጎተራ መዝጋት ነው።

በዚያ ወቅት የፒያሳው አትክልት ተራ፣ ሰው ተጨናንቆ ሕመሙ እንዳይዛመት በማሰብ ወደ ጃንሜዳ ተዛወረ። ኋላም ስፍራው ለ2013 ዓ.ም. የጥምቀት በዓል እንዲለቀቅ ገበያው ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሄደ። ትልቁ ገበያ እንዲህ ከስፍራ ወደ ስፍራ ሲዘዋወር፣ ለኮልፌ ሰው ቅርቡ የሰፈሩ ጉሊት ነበር። የሆለታና የሰበታ ገበሬ ማሳም ቢሆን በምዕራቡ የከተማ በር በኩል ሩቅ አይደለም። ማለዳ የተቀጠፈ ጎመን ሳይጠወልግ ከምጣድ የሚደርሰው፣ በገበሬው፣ በጫኙና በጉሊቷ እናት ድካም ነው። ይህች እናት አፏን በጨርቅ ሸፍና፣ ቤቷ ያሉ ልጆቿን እያሰበች በመደቡ ፊት ስትቀመጥ የሰፈሩን ጾም ታገለግል ነበር ማለት ይቻላል።

በእርሷ ዘንድ የሚፈጸም ግብይት ሁለት ፈተና አለው። የመጀመሪያው የሻጭ ነው፤ ችግርን ተመልክቶ ዋጋ መቈለል። ነቢዩ አሞጽ በሐሰተኛ ሚዛን ድሆችን የሚበድሉትን አጥብቆ ገሥጿል። ሁለተኛው የገዥ ነው፤ እጅግ ጥቂት የምታተርፈውን ሴት እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ተከራክሮ ማስቀነስ። በሥጋ መብል ስለጾምን ብቻ በዚህ በኩል ነጻ የሆንን አይምሰለን።

በጎ ምሳሌም አልጠፋም። ለራሳቸው ሲገዙ ከቤት መውጣት ለማይችሉ አረጋውያን ጎረቤቶቻቸው ደርበው የገዙ፣ ዘንቢሉንም ከደጅ አኑረው በሩቅ ሰላምታ ሰጥተው የተመለሱ ብዙዎች ነበሩ። በጸሎተ ሐሙስ ጌታችን የደቀ መዛሙርቱን እግር በማጠብ ያስተማረውን ትሕትና፣ በየመንደሩ በአንድ እስር ጎመን ገለጡት።

ውድ አንባብያን፣ ያ ዘመን አልፏል፤ ትምህርቱ ግን ሊያልፍ አይገባም። ለፋሲካው ሽንኩርት ስንወጣ የሚበቃንን እንግዛ፤ ተገቢውን ዋጋ እንክፈል፤ አትክልቱን በንጹሕ ውኃ እንጠብ፤ ለመግዛት ያልቻለውንም ጎረቤት እናስብ። ማዕዳችን በረከት የሚያገኘው ሌላው ሳይጎድልበት ስንጠግብ ነውና።

መልካም የትንሣኤ በዓል ያድርግልን፤ አሜን።