ነጋሪት፣ ድንኳንና መድፍ፤ የጦር ምልክት ትርጓሜ በደብረ ታቦር አገር

በዘመናዊ ሠራዊት የአንድ ክፍል መታወቂያ በጨርቅ ላይ ተጠልፎ ወይም ከብረት ተቀርጾ በትከሻና በቆብ ላይ የሚደረግ ምልክት ነው፤ ስንቅ አቀባዩና መሐንዲሱ ከእግረኛው የሚለዩት በዚሁ ነው። በቀድሞው የኢትዮጵያ ሠራዊት ግን ምልክቱ ዕቃው ራሱ ነበር። የአለቃው ሥልጣን የሚታወቀው ጓዙ ጭኖና ጎትቶ በሚያመጣው ነጋሪት፣ ድንኳንና መድፍ ነው። ስለዚህ ለውጊያ የማይሰለፈው የጓዝ ሰው የሠራዊቱን መታወቂያ ተሸካሚ ነበር። ይህን አጉልተው ከሚያሳዩት ስፍራዎች አንዱ ደብረ ታቦር ነው፤ ከተማው በየጁው ራስ ጉግሣ ከተቆረቆረ በኋላ የራሶቹ መቀመጫ፣ ቀጥሎም የዐፄ ቴዎድሮስና የዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ሰፈር ሆኗልና።

ከምልክቶቹ ሁሉ የሚቀድመው ነጋሪት ነው። ስሙ «ነገረ» ከሚለው ግስ የወጣ ሲሆን፣ ዕቃው በግማሽ ክብ ቅርጽ ላይ ቆዳ የተወጠረበት ከበሮ ነው። በበቅሎ ግራና ቀኝ ተጭኖ፣ ዐዋጅ ሲነገርና ሠራዊት ሲነሣ ይመታል። መሥሪያውና ብዛቱም የባለቤቱን ማዕረግ ይለያል። ነጋሪት ማስመታት በሹመት የሚገኝ መብት ስለ ነበር፣ ድምፁ ሲሰማ ሕዝቡ «ባለሥልጣን መጣ» ይላል። በ1934 ዓ.ም. የተቋቋመው የመንግሥት የሕግ ጋዜጣ «ነጋሪት ጋዜጣ» መባሉም ይህንኑ ትርጓሜ የተከተለ ነው።

ሁለተኛው ድንኳን ነው። የአለቃው ድንኳን በመካከል ሲተከል የሌላው ሁሉ ስፍራ ከእርሱ ይቆጠራል፤ ፊታውራሪ በፊት፣ ቀኛዝማች በቀኝ፣ ግራዝማች በግራ ይሰፍራሉ። ማዕረጎቹ ስማቸውን ያገኙት ከዚሁ አሰላለፍ ነው። ይሁን እንጂ ወገንን የሚሰበስብ ምልክት ለጠላትም መንገድ ጠቋሚ ነው። በ1834 ዓ.ም. በደብረ ታቦር ጦርነት ደጃዝማች ውቤ የራስ ዓሊን ሠራዊት ድል ካደረጉ በኋላ፣ በደስታ ግብር ላይ ሳሉ የራስ ዓሊ ወገን ብሩ አሊጋዝ ድንገት ደርሰው ማረኳቸው።

ሦስተኛው መድፍ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው በጋፋት አውሮፓውያን ሚስዮናውያንና የእጅ ሠራተኞች መድፍ እንዲያቀልጡ አደረጉ። ከሥራዎቹ ሁሉ ትልቁ፣ 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነው፣ በክሪምያ ጦርነት በታወቀው ምሽግ ስም «ሴባስቶፖል» ተባለ። ነጋሪት ከላይ የተሰጠን ሥልጣን ሲናገር፣ ሴባስቶፖል ንጉሡ በራሳቸው ጥበብና ጉልበት ሊያቆሙት ያሰቡትን ሥልጣን ይናገር ነበር።

በ1860 ዓ.ም. ክረምቱ እንዳለፈ ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ተጓዙ። ሠራዊታቸው በኩብለላ ሳስቶ ነበር። ገደሉ እየተናደ፣ ቋጥኙ እየተፈለጠ መንገድ ሲቀየስ ንጉሡ ራሳቸው በእጃቸው ይሠሩ ነበር፤ ጉዞውም ስድስት ወር ያህል ፈጀ። በቀድሞው ሥርዐት ጓዝ ሠራዊቱን ተከትሎ ምልክቱን ይሸከማል፤ በዚህ ጉዞ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ወታደሩ ሁሉ የአንድ ምልክት ጓዝ ሆነ። መድፉ በመጋቢት ከመቅደላ ደረሰ፤ በሚያዝያም ንጉሡ በዚያው ራሳቸውን ሠዉ። ሴባስቶፖል ዛሬም በመቅደላ አምባ ላይ ይገኛል፤ አምሳያው በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል። ጎታቾቹ ግን ስማቸው አልተጻፈም፤ የድካማቸው ምስክር ያ ከአምባው ያልወረደው ብረት ነው።